የአየር ግድግዳ

የያዟት የጭስ ቱቦ ከእርሳስ አትበልጥም። በጫፏ ያለችውን የጎማ ፊኛ በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጓት ነጭ የጭስ ክር ወጣች። ከካቢኔቱ መስታወት ሥር፣ የሠራተኛዋ እጅ በሚገባበት ክፍተት ፊት ያዟት። ክሯ ለአፍታ ቀጥ ብላ ቆየችና እንደ ረጠበ ሰበዝ ጎበጠች፤ ከዚያ ፊት ለፊት ባለው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሰጠመች። ከረከቦት አጠገብ የሚጤስ ዕጣን እያየ ያደገ ሰው የጭስን ጠባይ ያውቃል። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ በር ሲከፈት ይበተናል፤ ማንም አያዘውም። ይህኛው ግን ታዘዘ። ቱቦዋን ከመስታወቱ ግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ በጣት በጣት ሲያሳልፏት አንዲት ክር እንኳ ወደ እኛ አልተመለሰችም።

ያለነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ መድኃኒት የተላመደ የቲቢ ባክቴሪያ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው። ሥራ የቆመበት፣ ክፍሉ ጸድቶ ለዓመታዊ ፍተሻ የተከፈተበት ቀን ባይሆን ኖሮ እኔ ከበሩ አላልፍም ነበር። ጭሱን የያዙት ሰው የባዮሜዲካል ባለሙያ ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፤ የቤተ ሙከራው ልጆች "ጋሼ" ይሏቸዋል። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

አደገኛ ተሕዋስያን ስለሚያዙበት ቤተ ሙከራ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ወፍራም ግድግዳና የብረት በር ነው። እሱም አለ። ነገር ግን ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ናሙናውን ስትከፍትና ስታንጠባጥብ፣ በእሷና በባክቴሪያው መካከል ብረትም ግንብም የለም። መስታወቱ ፊቷን ይከልላል፤ ከሥሩ ሃያ ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ነው፤ እጇ በዚያ ይገባል። ያን ክፍተት የሚዘጋው የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው። አየሩ ከክፍሉ ወደ ካቢኔቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይገባል፤ በዝግታ የሚራመድ ሰው እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ከላይ ደግሞ የተጣራ አየር እንደ መጋረጃ ቀስ ብሎ በሥራ ቦታዋ ላይ ይወርድና ገሚሱ ወደ ፊት፣ ገሚሱ ወደ ኋላ ይከፈላል። ከውጭ የሚገባውና ከላይ የሚወርደው በፊተኛው ፍርግርግ ላይ ይገናኛሉ። ግድግዳው ይኸው ነው። ሠራተኛዋ እጇን ብታወናጭፍ፣ ከኋላዋ ሰው ሮጦ ቢያልፍ፣ በር ቢወረወር ይናዳል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን መልሶ ይሠራል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የወጣው ግን አይመለስም።

ጋሼ ቱቦዋን አስቀመጡና ወደ አንዲት የቤተ ሙከራው ወጣት ሠራተኛ ዞሩ። "ልጄ፣ ሥራ ላይ ስትሆኚ የጓንት ካርቶንሽን የት ነው የምታስቀምጪው?" አሏት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ካርቶኑን አምጥታ ጫፉን ፍርግርጉ ላይ አሳረፈችው። እጅ የሚደርስበት ምቹ ቦታ ነው፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማኖረው። ጋሼ ምንም ሳይሉ ጭሱን ደገሙት። ክሯ ወደ ፍርግርጉ ወረደች፤ ካርቶኑ አገዳት፤ ተጠማዘዘችና በካርቶኑ ጎን በኩል ወደ ውጭ፣ ልክ ወደ ልጅቷ አገጭ ተነሣች። ልጅቷ ሳታስበው አፈገፈገች። "አየሽ አይደል?" አሉና ካርቶኑን አንስተው በጎን ካለው ጋሪ ላይ አኖሩላት። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ አለ፤ ፍርግርጉ እንዳይሸፈን የሚል መስመርም አለበት። ልጅቷ መስመሩን ማንበቧን አልጠራጠርም። ጭሱን ካየች በኋላ ግን መመሪያውን ዞር ብላ ማየት አላስፈለጋትም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ለሚያየው አሰልቺ ይመስላል፤ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ከካቢኔቱ ጣሪያ ሥር ያለው የተበሳሳ ሽፋን ሲነሣ የሄፓ ፊልተሩ ፊት ወጣ። ከቀጭን የመስታወት ጭረት የተሠራ ነጭ ወረቀት ነው፤ እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ ብሎ በፍሬም ውስጥ ተቀምጧል። ጥፍር ይበሳዋል።

ፊልተር ሲባል ብዙ ሰው ወንፊት ወይም የጠላ ማጥለያ ይመጣበታል፤ ከቀዳዳው የሚበልጠው ይቀራል፣ የሚያንሰው ያልፋል። ሄፓ በዚህ ሕግ አይሠራም። በጭረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሚይዛቸው ነገሮች ከብዙዎቹ ይሰፋል። ትልቁ ብናኝ ክብደት ስላለው አየሩ ጭረቱን ዞሮ ሲያልፍ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና ይላተማል። በጣም ትንሹን ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉ ያንገዳግዱታል፤ ሲንገዳገድ ከአንዱ ጭረት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፤ ለመላተም የቀለለ፣ ለመንገዳገድ የከበደ። መጠኑ 0.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ፊልተሩ የሚፈተነውም በዚህ በአስቸጋሪው ነው፤ ከዚህ 99.97 ከመቶውን ከያዘ፣ ከዚህ የሚተልቀውንም የሚያንሰውንም ከዚያ በተሻለ ይይዛል። ቫይረስን የሚያህል ትንሽ ነገር በትንሽነቱ ምክንያት መያዙ እስካሁን ይደንቀኛል።

ጋሼ ከፊልተሩ በስተላይ በኩል የዘይት ጉም ለቀቁ። ከዚያ ያለፈውን ጉም የሚለካውን የፎቶሜትር አፍ ከፊልተሩ ፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አራቁና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መጎተት ጀመሩ። ፍጥነቱ በሰከንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓት አያዩም፤ ክንዳቸው ያውቀዋል። አንዱ መስመር የሌላውን ጠርዝ እየደረበ ይሄዳል፤ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ክሩ ከክሩ እንደሚጠጋጋው። ፊቱን ጨርሰው ወረቀቱ ከፍሬሙ ወደሚገናኝበት ጠርዝ ሲደርሱ እጃቸው ይበልጥ ዘገየ። "ወረቀቱስ እምብዛም አያስቸግር፤ ነገሩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው" አሉ።

ፎቶሜትሩ ከላይ ከተለቀቀው ጉም ውስጥ ከ0.01 ከመቶ በላይ ማለፉን ካሳየ ፊልተሩ ወድቋል ማለት ነው። በሦስተኛው ማዕዘን ላይ ቁጥሩ ዘለለ። መለስ አሉ፤ በዝግታ ደገሙ፤ አሁንም ዘለለ። እኔ አጎንብሼ ባየው ባየው ምንም አይታየኝም። ፊልተሩን ከጋስኬቱ ጋር የሚያጣብቀው ብሎን በመጠኑ ላልቶ ነበር። ሩብ ዙር አጠበቁት። ቀጥለው ያልላላውን ተቃራኒ ማዕዘን እንዲሁ ሩብ ዙር አዞሩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አንዱን ጥግ ብቻ ስትጫነው ማዶ ያለው ይነሣብሃል አሉኝ። የፎቶሜትሩን አፍ መልሰው አሳለፉ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ተኛ።

ሥራው ከጥንቱም የእጅ ባለሙያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ካምፕ ዴትሪክ በሚባለው የጦር ሠፈር፣ ሁበርት ኬምፍ የሚባል ወታደር የጥበቃ ሥራው ሰልችቶት ወደ ቆርቆሮ ክፍል ተዛወረ። በኋላ የግቢውን የደኅንነት ክፍል ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር አርኖልድ ወደም አቅጣጫ እያሳዩት፣ ሙሉ በሙሉ የታሸገና በጓንት ብቻ የሚሠራበትን ካቢኔት የመጀመሪያ ናሙና ያበጀው እሱ ነው። ሠፈሩ በሽታን መሣሪያ ለማድረግ የተቋቋመ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከዚያ ቦታ የወጣው ሣጥን ግን ዛሬ በዓለም ሁሉ ሐኪሞችንና መርማሪዎችን ይጠብቃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆሞ የቆርቆሮ ባለሙያዎች ጥግ ሲያጥፉ ያየ ሰው የኬምፍን ጭንቀት ይረዳዋል። ጠፍጣፋውን ማንም ይመታዋል። ሙያው የሚታየው ሦስት ገጽ በሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው፤ ውሃ የሚያፈስሰውም እዚያ ነው።

አሁን እኛን ደገኞቹን በተለይ ወደሚመለከተው ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የአየር ፍጥነት መለኪያው ደግሞ ጫፉ ላይ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለው። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ መሣሪያው ከቅዝቃዜው ተነሥቶ ፍጥነቱን ይናገራል። ችግሩ መሣሪያው የተስተካከለው ለባሕር ጠለል አየር መሆኑ ነው። የሳሳ አየር ሽቦውን በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ ስለዚህ በእውነት በሰከንድ 0.53 ሜትር የሚሄደውን አየር መሣሪያው 0.40 ይለዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ "ካቢኔቱ ደክሟል" ይልና ማራገቢያውን ያፈጥነዋል። ደኅና የነበረው ግድግዳ ይዛባል፤ ከላይ በሚወርደውና ከፊት በሚገባው መካከል የነበረው ሚዛን ይፈርሳል። በወረቀት ላይ ግን ካቢኔቱ አሁን ነው ያለፈው።

ጋሼ ጠዋት እንደገቡ ማንኛውንም መሣሪያ ሳይነኩ በፊት የዕለቱን የአየር ግፊትና የክፍሉን ሙቀት በደብተራቸው ጽፈው፣ የማስተካከያ ቁጥሩን በእርሳስ አስልተው፣ አክብበው አኑረውት ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ንባብ በዚያች በተከበበች ቁጥር ያበዙታል። አዳዲሶቹ መለኪያዎች ይህን በራሳቸው እንደሚያደርጉ ነገሩኝ፤ ቢሆንም በእርሳስ ይደግሙታል።

ተሕዋስያንን በእንፋሎት የሚገድለው አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው። ሽምብራ ደጋ ላይ ቀቅላ ቆላ የወረደች ሴት ልዩነቱን ታውቀዋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ከቤተ ሙከራው የሚወጣ ቆሻሻ ሁሉ በ121 ዲግሪ እንፋሎት መቀቀል አለበት። በባሕር ጠለል ለዚህ የሚበቃው በጌጁ ላይ 103 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በድሮዎቹ መመሪያዎች 15 ፒ.ኤስ.አይ. እየተባለ የተጻፈው ማለት ነው። ነገር ግን ጌጁ የሚያሳየው የውስጡ ግፊት ከውጭው የሚበልጥበትን ብቻ ነው። እዚህ የውጭው ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ያው ቁጥር ሲነበብ የእንፋሎቱ ሙቀት 117 አካባቢ ላይ ቀርቷል። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 129 ኪሎ ፓስካል መውጣት አለበት። አራት ዲግሪ ምን አላት የሚል አይጥፋ፤ በአራት ዲግሪ ብትቀንስ ጠንካራዎቹን የባክቴሪያ ስፖሮች ለመግደል የሚፈጀው ጊዜ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሆናል። ሰዓቱ ሞልቷል ተብሎ የወጣው ከረጢት ውስጥ ሕይወት ሊቀር ይችላል።

በዚያ ቤተ ሙከራ አውቶክሌቭ ጌጅ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረች አጭር መስመር አየሁ። የአዲስ አበባ 121 የት እንደሆነ የምታሳይ ናት። ቀለሟ ደጋግሞ ታድሷል፤ የድሮዋ መስመር ከአዲሷ ሥር በትንሹ ትታያለች። ይህም አይበቃቸውም። ሙቀትን እጅግ የሚቋቋሙ ስፖሮች ያሉባትን ትንሽ ብልቃጥ ከቆሻሻው መካከል፣ እንፋሎት ለመድረስ ከሚቸገርበት ሆድ ውስጥ ይቀብሯታል። ካወጧት በኋላ በሙቀት ያቆዩአትና ያይዋታል። ሐምራዊ እንደሆነች ከቀረች ስፖሮቹ ሞተዋል፤ ወደ ቢጫ ከተለወጠች አንዳንዱ ተርፏል፤ የዚያ ዙር ቆሻሻም እንደገና ይቀቀላል።

ከካቢኔቱ ክፍል መግቢያ በላይ ክብ የግፊት መለኪያ ተሰቅሏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከኮሪደሩ ግፊት በጥቂቱ እንዲያንስ ተደርጓል፤ በር ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 12.5 ፓስካል ነው። ይህ በውሃ ከፍታ ሲለካ 1.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ውሃ ማለት ነው። ያችን የጤፍ ፍሬ ቀንና ሌሊት ለማቆየት ማራገቢያዎች፣ ጄኔሬተር፣ ሁለተኛ ጄኔሬተር፣ ዘይት የሚቀይርና ባትሪ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ክፍሉ ራሱ የተደፈነ መሆን አለበት። ሽቦ ግድግዳውን የሚበሳበት፣ የቧንቧ አንገት፣ የአምፖሉ ጠርዝ፣ የመስኮቱ ዙሪያ ሁሉ በሲሊኮን ይለሰናል። አረቄ የሚያወጡ እናቶች የማሰሮውንና የመቃውን መጋጠሚያ ሲለስኑ በጣታቸው ዙሪያውን እየዳበሱ እንፋሎት የምትሾልክበትን እንደሚፈልጉ፣ ጋሼም በአምፖሉ ፍሬም ዙሪያ የጣታቸውን ጀርባ አስኬዱ። የጣት ጀርባ ለነፋስ ከውስጡ ይልቅ ንቁ ነው አሉ። የተሰነጠቀች አንዲት ቦታ አግኝተው በእርሳስ ምልክት አደረጉባት።

ከዚህ ቤተ ሙከራ ከፍ ባለው የጥንቃቄ ደረጃ፣ ኢቦላንና መሰሎቹን በሚይዙት፣ በአፍሪካ ጆሃንስበርግ ባለው ዓይነት ቤተ ሙከራዎች፣ ሰው በአየር የተነፋ ልብስ ለብሶ ይሠራል። ልብሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚበልጥ ቢቀደድም አየር ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ልብስ እንዴት እንደሚፈትሹት ሳውቅ ሰፈሬ ያለው ጎሚስታ ትዝ አለኝ። የአየር መውጫዎቹን ይዘጋሉ፣ ልብሱን ይነፉታል፣ ስፌቱንና የጓንቱን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ይቀባሉ፣ ከዚያ ዓይንን ተክሎ አረፋ መጠበቅ ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪያውን በውሃ ሳፋ ውስጥ እያዞረ እንደሚጠብቃት ዓይነት አረፋ። ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ ልብስ የሚታመነው በዚያች የአረፋ መኖር ወይም አለመኖር ነው።

ጥንቃቄው ሲጓደል ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 በሶቭየት ኅብረት ስቨርድሎቭስክ ከተማ፣ አባ ሰንጋ ለጦር መሣሪያነት ከሚዘጋጅበት ግቢ የወጣ ብናኝ ቢያንስ 66 ሰዎችን ገደለ። የዚያው ፕሮግራም ባለሥልጣን የነበሩት ኬን አሊቤክ በኋላ እንደተረኩት፣ የተደፈነ ፊልተር ለመቀየር ወልቆ፣ መውለቁ በመዝገብ ሳይሰፍር በብጣሽ ወረቀት ብቻ ተጠቅሶ ነበር፤ ተረኛው መዝገቡን አየ፣ ምንም አላገኘበትም፣ መሣሪያውን አስነሣ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የቤተ ሙከራ መዝገብን እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት ማየት ትቻለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ፒርብራይት የሆነው ደግሞ ለእኔ ይበልጥ ያሳዝናል። ፒርብራይት በእንስሳት በሽታ ምርምር በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 በአቅራቢያው ባሉ እርሻዎች የአፍና የእግር በሽታ ፈነዳ። ቫይረሱ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1967 ከተገኘው፣ በሜዳ ከማይገኘውና በግቢው ከሚሠራበት ዝርያ ጋር ተመሳሰለ። መርማሪዎች የደረሱበት የሚመስለው መንገድ ከመሬት በታች ነበር። ከሕንፃዎቹ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ መጨረሻው የኮስቲክ ሶዳ ማከሚያ የሚሄድበት አሮጌ ቱቦ መጋጠሚያው ላልቷል፣ ተሰንጥቋል፣ የዛፍ ሥር ገብቶበታል፤ ማንሆሎቹም በደንብ አልታሸጉም። ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። በዚያው ሰሞን በግቢው ግንባታ ነበርና የጭነት መኪኖች ጎማ የተበከለውን ጭቃ ይዞ ወጣ። ቱቦው መታደስ እንዳለበት ከዓመታት በፊት ተነግሮ ነበር፤ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ሳይቋጭ ቆየ። ያ ሁሉ ዕውቀት፣ ያ ሁሉ ማጣሪያ እላይ እያለ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ያላየው መጋጠሚያ ከታች ነበር። ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ ሕንፃ ገንዘብ ያገኛል፤ ጋስኬት፣ ሲሊኮን፣ የፍሳሽ ቱቦ ግን በየዓመቱ በጀት ሲለመንላቸው ይኖራሉ። በእኛም አገር ስሙን በማልጠራው ቦታ የመለዋወጫ ፊልተር በመጠበቅ ብቻ ከዓመት በላይ የቆመ ካቢኔት አይቻለሁ፤ መስታወቱ ላይ አቧራ ተኝቶበት ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አያቶቻችን "ደስታ" ያሉት የከብት በሽታ፣ በስሙ እንኳ ሊጠሩት ፈርተው ያቆላመጡት ይመስለኛል፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ለጣሊያን ጦር ተብለው በምፅዋ በገቡ ከብቶች መጣ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ ይገመታል። በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ፣ ክፉ ቀን ሆነ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ እስከ ዛሬ በዘፈንና በተረት ይነሣል። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው።

ቫይረሱ ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። እንዲያስቀምጡ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ፒርብራይትም ነበረው፤ የዘር ቅንብሩን አንብቦ ከመዘገበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ክምችቱን አቃጥሏል። ክፉ ቀንን ያመጣው ጠላት ዛሬ በረዶ ሆኖ በዚያች የሐይቅ ከተማ ተቆልፎበታል። እኔ በመንገዱ ሳልፍ ይህን አስባለሁ፤ ከመቆለፊያው ኋላ ያለው ማቀዝቀዣ ሞተር አለው፣ በሩ ጋስኬት አለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር አለ፣ ብልቃጦቹን የሚቆጥር መዝገብ አለ። ያን የሚጠብቁ እጆችን አይቻቸው አላውቅም፤ ግን እንደ ጋሼ ያሉ እንዲሆኑ አጥብቄ እመኛለሁ።

ጋሼ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የመጀመሪያውን ካቢኔት ጨረሱ። ከቦርሳቸው የሚለጠፍ ወረቀት አወጡ። የዛሬውን ቀን ጻፉ፣ የአየር ፍጥነቱን ሁለቴ፣ መጀመሪያ የተነበበውን ቀጥሎ የተስተካከለውን ጻፉ፣ ላልቶ የተገኘውን ብሎን የትኛው ማዕዘን እንደሆነ ጻፉ። "ጠብቋል እኮ፤ መጻፍ ያስፈልጋል?" አልኳቸው። "የዛሬ ዓመት የሚመጣው ሰው ከዚያ ጥግ ይጀምራል" አሉኝና ፈረሙበት። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ በካቢኔቱ ጎን፣ ከባለፈው ዓመት ወረቀት አጠገብ ለጠፈችው፤ ጥጎቹንም በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ተጫነቻቸው።

ጋሼ የጭስ ቱቦዋን ይዘው ወደ ሁለተኛው ካቢኔት ተሻገሩ።